ከውሃ በታች

ገንዳው ደጅ ነው፣ ሴንቴሽ፣ የሃንጋሪ ጥር ላይ፤
የፍል ውሃው እንፋሎት ይሄዳል ወደ ሰማይ።
ከላይ ለሚያይ ጨዋታ ነው፦ ቁጥር ያለው ቆብ፣ ቢጫ ኳስ፣
ነጭ የለበሰ ዳኛ በጠርዙ ሲመላለስ።
ከደረት በታች ያለውን የዋኘ ነው የሚያውቀው፦
ጉልበት ጭን ሲደቁሰው፣ ጥፍር ቆዳ ሲልጠው፣
ሱሪው ተጨብጦ አንዱ ወደ ታች ሲሳብ፣
ፊት ግን ከላይ ፈገግ ሲል፣ ክፉ እንደማያስብ።

አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ተከላካይ፣ ቁጥር አራት።
አሰልጣኛችን ኦዶን አያውቅበትም ድምፅ ማንሳት።
ሌሎቹ ወንበር ይረግጣሉ፣ ጠርሙስ ይወረውራሉ፣
በወላጅ ፊት የልጅ ስም ከአፈር ይደባልቃሉ።
እሱ ከጠርዙ ይንበረከክና፣
የናና ከረሜላ ትንፋሹን ጆሮ ውስጥ ያኖርና፣
እንደ አባት ነው የሚያወራ።

ያን ቀን የባያ ልጆች በሁለት ጎል ሲመሩን፣
ሌቨንቴ የሚሉት ሰባት ቁጥር ብቻውን ሲያተራምሰን፣
እረፍት ጠየቀ፤ አንድ ደቂቃ። ለሁሉም ስለ ኳስ አወራ።
ከዚያ የቆቤን ማሰሪያ ሊያጠብቅ መስሎ፣ በተራ
ወደ እኔ አጎነበሰ፦ «ልጄ፣ የዳኛ ዓይን ዋና አይችልም።»
በቃ። «ምታው» አላለኝም። «ስበረው» አላለኝም።

ሰሙ ስለ ዓይን ነው፤ ችሎት ቢቆም ማን ይቀጣዋል?
ወርቁ ግን ጉልበቴ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ሌቨንቴ ኳስ ሊቀበል ብድግ ሲል፣ ጉልበቴን ከጎኑ ላክሁት።
ድምፅ የለም። ውሃ ድምፅ ይበላል። አፉ ሲከፈት አየሁት፣
ከዚያ ከላይ የቀረው ቆቡ ብቻ ነበረ፣
ሰባት ቁጥር፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ቅጠል እየዞረ።

ጣፊያው ነው አሉ ኋላ። ተርፏል። ወደ ገንዳ ግን አልተመለሰም።
ፊሽካ አልተነፋም።
አሸነፍን። ኦዶን እርጥብ ራሴን ዳበሰኝ፤ አሁንም ምንም አላለም።
እውነቱን ልናገር፦ ደስ ብሎኝ ነበር።
ሜዳልያው ጠፍቷል። ያ እጅ ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ራሴ ላይ ሲያድር።

አሁን ከጠርዙ እኔ ነኝ፤ ስንበረከክ ጉልበቴ ይጮሃል።
ለሁሉም የማልለውን ለአንድ ጆሮ አልልም ብዬ ከማልኩ ቆይቷል።
ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ግዙፍ ልጅ
ቤንዴጉዝን፣ የኔን ትንሹን፣ ጥርሱ ገና በብረት የታሰረውን፣
አንገቱን ይዞ ሲደፍቀው፣ ዳኛውም ሰዓቱን ሲያይ፣
ነደደኝ።
እረፍት ጠየቅሁ። ተሰበሰቡ። ቃሌ ንጹህ ነበር፣ ይመዝገብልኝ፦
«እጅ ወደ ላይ። ኳሱን በግራ። ተንፍሱ።»
ጡጫዬ ግን ሰሌዳውን ነረተው፤ ማግኔቶቹ ረገፉ፣
ጠብ ጠብ እያሉ ውሃ ውስጥ ጠለቁ።
ሌሎቹ ልጆች እነሱን ተከትለው ወደ ታች አዩ፤
የቤንዴጉዝ ዓይን ጡጫዬ ላይ ቀረ።

ደቂቃ አልሞላም። ግዙፉ ልጅ እሪ አለ፤ በአፍንጫው ዙሪያ ውሃው ቀላ።
ፊሽካ የለም።
«ና ውጣ!» አልኩ። ወጣ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል።
«ማን አዘዘህ?»
«አንተ።»
«እኔ አላልኩም።»
«አውቃለሁ» አለ፣ ውሃውን ከዓይኑ እየጠረገ፤ «አላልክም።»

ፎጣዬን አለበስኩት። ወንበሬን ለቀቅሁለት።
ከዚያ ገንዳውን ዞሬ ወደ ወዲያኛው ልጅ ሄድኩ፣
ሰላሳ ሜትር፣ የሚያንሸራትት ንጣፍ፣ ወላጅ ሁሉ እያየኝ።
አፍንጫውን በጨርቅ ይዟል። ምን እንደምለው
አላውቅም ነበር። በቀኜ በኩል፣ ከውሃው ስር፣
ወለሉ ላይ፣ አንድ ቀይ ማግኔት ይታያል። አራት ቁጥር።